ጥንስስ

አምና ቸኩለን ነው ብቅሉን ያባከንነው፣
ጥቂት እርሾ በትነን ብዙ የጠበቅነው።
ሃያ ሊትር የብቅል ውሃ፣ ወፍራም፣ ማር የመሰለ፣
በአንዲት ብልቃጥ እርሾ ላይ ጫንን፤
ጀመረ፣ ተንደቀደቀ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ዛለ።
ቢራው ቢራ ሳይሆን ሽሮፕ ሆኖ ቀረ፤
ጎደሊቭ ቀመሰች፣ ፊቷ ተቋጠረ፤
"ይሄ ለሳል ነው" አለች፣
ገንዳው ላይ ደፋችው፣ ቧንቧውን ከፈተች።

ጎደሊቭ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳ ነው የሚለየን፤
ፖፐሪንገ ላይ ሲዘንብ አንድ አሸንዳ ነው የሚያስተኛን።
ባሏ ሬሚ ጠማቂ ነበር፣ ለራሱ፣ በጓዳው፤
ቀን ትራክተር ይጠግናል፣ ማታ ድስቱና ሙቀት መለኪያው።
ሲሞት የተዋት ይኸው ነው፦ የመዳብ ድስት፣
ከእሷ በቀር ሰው የማያነበው ደብተር፣ የዶሮ ጭረት፣
አቧራ የለበሰ አንድ ጠርሙስ፣ የመጨረሻው ጥምቀት።

ጠርሙሱ ጥቁር ነው፤ ከታቹ አተላ አለ፤
ሰው አተላ ይደፋል፤ ሬሚ ግን በደብተሩ እንዲህ አለ፦
"የሚጠጣውን ጠጡ፤ ሁለት ጣት ያህል አስቀሩ፤
የተኛ እንጂ የሞተ የለም፤ ቀስ ብላችሁ ጥሩ።"

ጠጣነው። ስድስት ዓመት የቆየ፤
የደረቀ በለስ፣ የጫማ ቆዳ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨው።
ጎደሊቭ ምንም አላለችም፤
መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

መጀመሪያ አንድ ስኒ፣ ቀጭን የብቅል ውሃ፣ ለብ ያለ፤
ከአልጋ ያልተነሣ ሰው አጥሚት እንጂ ጥሬ ሥጋ የት ቻለ?
አንድ ቀን ምንም። ሁለት ቀን ምንም። በሦስተኛው ሌሊት፣
ከአተር ፋብሪካው ስገባ ግድግዳውን መታች፣
ሦስቴ፣ በማንኪያ ጀርባ፣ በፍጥነት።
የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ስኒውን ወደ አምፖሉ አንሥታ፣
"እየው" አለች፤
አንዲት አረፋ፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ከስኒ ወደ ማሰሮ፣
ከማሰሮ ወደ ገንቦ፣ እንደ ሰፈር ወሬ ተባዝቶ አድሮ።
ዘዴው መነቅነቅ ነው፤ አየር ይሻል፤ ገና ጠመቃ አይደለም፤
የምናሳድገው ሠራተኛ ነው፤ ያለ ሠራተኛ ሥራ የለም።
ማሽን አልገዛንም፤ "ያለፈ ያገደመ ይነቅንቅ" ብለን ደነገግን፤
ፖስተኛው ነቀነቀ፤ የልጅ ልጇ ዮሪስ ነቀነቀ፤
ቄሱ እንኳ፣ ለሌላ ጉዳይ መጥተው፣ እየሳቁ ነቀነቁልን።
አንድ ሌሊት ገነፈለ፤ ወለሉ ላይ አረፋ ተነጠፈ፤
ድመቷ እግሯን ላሰች፤
የጎደሊቭ ሳቅ ግድግዳውን አለፈ።

በስምንተኛው ቀን ማቀዝቀዣ ገባ፣ ከሰናፍጩ አጠገብ፤
ከላይ ቀጭን ውሃ ሆነ፣ ከታች ነጭ ጭቃ፣ ድርብርብ።
የላዩን ደፋን። ጭቃው ሦስት ጣት ሙሉ፤
አምና የጥፍር ያህል አልነበረም፤ ያንኑ "ሂድ፣ ዝመት" ማለታችን ነው ጉዱ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶች
ሸረሪት እንጂ እርሾ አላዩም።

ቅዳሜ ጠመቅን። ውጭ የሆፕ ምሰሶዎች ራቁታቸውን ቆመዋል፤
ሆፕ ጌሾ አይደለም፤ ምሬቱ ግን ይዛመዳል።
ጭቃውን ስንጨምር ጎደሊቭ ደብተሩን ገለጠች፣
የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች።
የጠመቃ ነገር የለበትም፤ አንድ መስመር ብቻ፦
"የጎደሊቭን ጫማ ማስጠገን፣ ሐሙስ።"
ዘጋችው።
ጫማው በር ሥር አለ፤ ተረከዙ አሁንም የተንጋደደ ነው።

አሁን ከግድግዳው ማዶ ብልቅ ይላል፣ ብልቅ፣ ሌሊቱን ሁሉ፤
ሁለት ጣት ጭቃ በብልቃጥ አስቀርተናል፣ ለሌላ ዓመት ውሉ።
እስከ ፋሲካ አይከፈትም።
አምና "ይበቃል" ያልኩት እኔ ነበርኩ፤
ዛሬ ጠዋት በደረጃው ላይ "አይበቃውም?" ስትለኝ
"ገና ነው" አልኩ።